የጓንዡው የጣሊያን ምሳ

ባለፈው ቅዳሜ ለአንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ ተዝካር ሞጣ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወርጄ ወደ ላይ ስወጣ፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ማዕዘን ላይ አዲስ ፎቅ ቆሟል። ከሥሩ ከተከፈተው ምግብ ቤት በዘይት የተቁላላ የነጭ ሽንኩርትና የቲማቲም ድልህ ሽታ ወጣና መንገድ ላይ አቆመኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ምራቁን ውጦ ያልፋል። እኔን ግን አናደደኝ። ነጠላዋን ያጣፋች አሮጊት መንገድ መሐል ቆማ በምግብ ሽታ ትናደዳለች ቢባል ማን ያምናል? አላፊ አግዳሚው «ምን ጠፋብዎ እማማ?» እያለኝ ያልፋል። ምን ልበለው? የጠፋብኝ ነገር የጠፋው እሱ ሳይወለድ ነው። ደግሞ እንዳይረሳ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ጓንዡ በምትባል የቻይና ከተማ፣ የጣሊያን ምግብ ቤት ውስጥ፣ ያንኑ ሽታ አፍንጫዬ ሥር አምጥተው አስቀመጡብኝ።

የተወለድኩት ቢቸና ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ሞጣ ተመደብኩ፤ ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንዳስተምር። ዛሬ በሚኒባስ ቁጭ ብሎ እያንቀላፉ የሚደረስበት መንገድ ያኔ ቀን ሙሉ ይፈጅ ነበር። ጉንደ ወይን ላይ ሹፌሩ ምሳውን እስኪጨርስ ፀሐይ ላይ እንቆማለን፤ ሞጣ ስንደርስ ፀጉራችን በአቧራ ነጥቶ ሁላችንም ሽማግሌ እንመስላለን። ስብሰባ የበዛበት ዘመን ነበር፤ እኔ ግን ከስብሰባው ይልቅ የማስታውሰው የእትዬ ዘውዲቱን ምግብ ቤት ነው። በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ጠረጴዛዎቹ አበባ ባለበት ፕላስቲክ የተሸፈኑ፣ መደርደሪያው ላይ ዳንቴል የለበሰ ቴፕ የተቀመጠበት። ካሴቱ ሁለት ብቻ ስለነበር ዘፈኖቹን ከነስንጥቅጥቃቸው በቃላችን እናውቃቸዋለን። አንደኛው ላይ አንዲት ሴት ደብዳቤ ቀረብኝ ብላ ታለቅሳለች፤ መሐል ላይ ክሩ ይጠመጠምና እትዬ ዘውዲቱ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ በእርሳስ ያስተካክሉታል። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ አስተማሪዎች፣ የጤና ጣቢያና የግብርና ሠራተኞች ሁሉ በኮንትራት የሚበሉት እዚያ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ፓስታ ይሠራል። አንድ ሳህን በሰባ አምስት ሳንቲም፣ ያውም ከአፍ እስከ ገደፉ። እስኪለሰልስ ይቀቀላል፣ ድልሁ ቀይ ሆኖ ዘይቱ ዳር ዳሩን ይወጣል፤ እኛም በእንጀራ እየጠቀለልን እንበላለን።

ሰሎሞን የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ መርፌ ወጊና ቁስል አጣቢ ነበር፤ የድሬዳዋ ልጅ። ከታች የሚሰፋ ቡናማ ሱሪና ኮሌታው ትከሻው ላይ የሚደርስ ሸሚዝ ይለብሳል። የመጀመሪያ ቀን ከፊቴ ተቀምጦ ስበላ አይቶ ፈገግ አለ።

«ፓስታ በእንጀራ?» አለኝ።

«በምን ልብላው ታዲያ?»

«ቆይ ላሳይሽ።» ከኪሱ የራሱን ሹካ አወጣ። አዎ፣ ሹካ ይዞ ነበር የሚዞረው፤ ቤተኞቹ «ሹካው» ይሉት ነበር። ሁለት ሦስት ክር ብቻ ያዝ አድርጎ፣ ሳህኑ ላይ አሹሮ፣ አንዲት እንኳ ሳትንጠለጠል አፉ ውስጥ ከተተው። ለእኔ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ድልሁ ነጩ ሻርፔ ላይ ሲረጭ ይስቃል፤ ከዚያ ደግሞ ምንም ሳይል ማታውን ከጤና ጣቢያው ሳሙና ያመጣልኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት ሞላን። ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እትዬ ዘውዲቱ የሁለታችንን ፓስታ በአንድ ሰፊ ሳህን ማቅረብ ጀምረው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ ልናገር። ይበልጣል የበኩር ልጄ ነው። ጓንዡ ገብቶ ለአገር ቤት ነጋዴዎች ዕቃ እየመረጠ መላክ ከጀመረ ብዙ ዓመቱ ነው። «አንድ ጊዜ መጥተሽ ኑሮዬን እይልኝ» ሲለኝ ኖሮ የዛሬ ሁለት ዓመት ቲኬት ላከልኝ። ለምን እንደጠራኝ የነገረኝ ግን ከደረስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ነው።

«እማዬ፣ የማስተዋውቅሽ ሰው አለ።»

«የየት ልጅ ናት?» አልኩት፤ እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማይገባት እናት የለችም።

«የዚሁ አገር። ሜይ ትባላለች። እንዳንቺ መምህርት ናት፤ ሕፃናት ታስተምራለች።»

ሻዬን አስቀመጥኩ። እኔ በሐሳቤ ስንት ልጅ አዘጋጅቼለት ነበር፤ የሉማሜዋን ነርስ፣ የጎረቤቴን የእህት ልጅ። ዘሯን የማላውቃት ሴት፣ አልኩ በልቤ። እንዲህ ማለቴ እንኳ አልታወቀኝም።

«ረቡዕ ከአባቷ ጋር ምሳ እንበላለን» አለ። «የጣሊያን ቤት ይዣለሁ።»

«በቻይና አገር የጣሊያን ቤት ምን ያደርግልናል?»

«የእነሱን ምግብ አንቺ አትበዪም፤ የእኛን እሳቸው አይችሉትም። ፓስታ ግን ታውቂዋለሽ።»

«ረቡዕ እኮ ጾም ነው።»

«ፓስታም ጾም ነው እማዬ።»

እንደ ሞጣ መስሎት ነው። ምግብ ቤቱ ሱቅ በሱቅ ላይ የተደራረበበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ለብሷል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ብርጭቆ ተደርድሯል። አስተናጋጆቹ ቻይናዎች፣ ዘፈኑ የጣሊያን፣ የምግብ ዝርዝሩ በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ፤ እኔ የሚገባኝ አንድም ቃል የለም። ከጣሪያው የሚነፋው ቅዝቃዜ ማጅራቴን ያዘኝ። ሜይ ስታየኝ ብድግ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችና «ጤና ይስጥልኝ እማማ» አለችኝ። «ጤ» የምትለዋ ከጉሮሮዋ አልወጣ ብላት ፊቷ ቀላ። ስንት ቀን ስትለማመደው እንደሰነበተች ያስታውቃል። ቀጭን ናት፤ ፀጉሯን እንደ ተማሪ ልጅ ወደ ኋላ አስራዋለች። አባቷ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው አለኝ ይበልጣል። እጃቸው ሰፊ፣ የሠራ እጅ ነው። ያልለመዱት ክራቫት አስረው በየደቂቃው አንገታቸውን ይነካካሉ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ፤ እኔም ዝቅ አልኩ።

ማንም ምን ትበያለሽ ብሎ ሳይጠይቀኝ ምግቡ መጣ። አይብ እንደ በረዶ ወርዶበታል።

«ይበልጣል፣ ይሄ አይብ ነው።»

«ወደ ዳር አድርጊው በቃ።»

«ቀልጦ ገብቶበታል፤ ምኑን ወደ ዳር አደርገዋለሁ?»

አስተናጋጇን ጠርቶ ነገራት፤ ወስዳ ሌላ አመጣች። ሹካዬን ሳነሳ ሽታው ነገረኝ። «ቅቤ አለበት» አልኩት። ተነጋገሩ፤ አለበት። ልጄ ላቡን በጨርቁ ጠረገ። ሦስተኛው ሳህን ሲመጣ በእርግጥ ዘይትና ቲማቲም ብቻ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱም ከእትዬ ዘውዲቱ ቤት የመጣ ይመስላል። ሽታው ልቤን መታኝ። ብቀምሰው ግን ውስጡ ጥሬ ነው፤ ጥርሴ ሥር ቀጭ ይላል። ጣሊያኖች እንዲህ ነው የሚበሉት አለኝ ይበልጣል። ቢበሉም ባይበሉም ምኔ ነው? እትዬ ዘውዲቱ እንዲህ ያለ ፓስታ ቢያወጡ ኖሮ አፍረው ጓዳ ይደበቁ ነበር። ቀና ስል የልጅቱ አባትም ሹካቸውን አስቀምጠዋል። የለመዱትን ሁለት ቀጫጭን የእንጨት መብያ ጠይቀው የለም ተባሉ። ሁለታችንም እጃችንን ወደ ዳቦው ቅርጫት ዘረጋን፤ ተያየንና እሳቸው ቅርጫቱን ወደ እኔ ገፉልኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከበደሉኝ ነገሮች መሐል እሳቸው አልነበሩበትም።

ከዚያ መናገር ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳይነቅሉ፣ ረዥም ንግግር ተናገሩ። ሲጨርሱ ልጄን አየሁት።

«በመገናኘታችን ደስ ብሏቸዋል።»

«ይሄን ሁሉ ተናግረው?»

«በቻይንኛ ይረዝማል እማዬ።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ሲዋሹ ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝ። እንደገና ተናገሩ፤ አሁን ድምፃቸው ጠንከር ብሏል። ሜይ አንገቷን ደፍታ ፓስታዋን በሹካ ታሽከረክራለች፤ አትበላውም፣ ዝም ብላ ታሽከረክራለች።

«ስለ ቤተሰባችን እየጠየቁ ነው» አለ ይበልጣል።

«ምን ብለው?»

«እንዲያው፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው...»

«እንዳሉት ንገረኝ። አንዲት ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ።»

ውሃ ጠጣ። «ልጁ ትጉህ ነው፤ እሱን አልነቅፍም አሉ። ግን አገሩን አላውቅም፣ ዘሩን አላውቅም፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆን የማን ልጅ ነው ብዬ ማንን እጠይቃለሁ? አንድ ልጅ ነው ያለችኝ፤ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም። ይሄው ነው ያሉት።»

ደሜ ፈላ። ልጄን! አያቱ በቢቸና መሬት ያላቸው፣ አባቱ በሰፈር ሽምግልና የሚጠራ የነበረ፣ ዘር የሌለው ይመስላቸዋል? አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ግን የራሴ ቃል ትዝ አለኝ። እኔም እኮ በዚያ ጠዋት፣ ሻይ ላይ ሳለሁ፣ ያንኑ በልቤ ብያለሁ። ከእኔ በፊት ደግሞ አባቴ ብለውታል።

ሰሎሞን ሽማግሌ የላከው በመስከረም ነበር። ዘመድ በአቅራቢያው ስላልነበረው የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር፣ የጤና ጣቢያውን ኃላፊና የእትዬ ዘውዲቱን ባል ለመነ። አውቶቡስ በዚያ ሳምንት አልነበረም፤ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በእህል ጫኝ ኤንትሬ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ቢቸና ድረስ መጡ። እኔ ቀድሜ ገብቼ ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። ሰሎሞን አብሮ መጥቶ ኖሮ ከአጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ይጠብቃል። አባቴ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፣ አበሉ፣ አጠጡ። ከዚያ ጠየቁ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የድሬዳዋ ሰው ነው፤ አባቱ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር፤ ምግባሩን እኛ እንመሰክራለን» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ምግባሩን አልጠየቅሁም። እናንተ የምታውቁት ከሞጣ ወዲህ ነው። ከሞጣ በፊት ማን ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ወደ ጓዳው ዞር ብለው «እሷም ታውቀው እንደሆን ትናገር» አሉ። በሩ ለእኔ ተከፍቶ ነበር። ድሬዳዋ ያለችውን እናቱን በስም አውቃለሁ፤ የእህቶቹን ፎቶ አይቻለሁ፤ ልጅ ሳለ ባቡር ሲያጓራ አልጋ ሥር ይገባ እንደነበር ሳይቀር ነግሮኛል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን መጋረጃውን ይዤ ቆምኩ፤ ድምፅ ከእኔ አልወጣም። «አባቴ ያሉት ነው» ያልኩት ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ያውም ለእናቴ ጆሮ ብቻ። ሽማግሌዎቹ ተሰናብተው ወጡ። ሞጣ ስመለስ ሰሎሞን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ጠየቁሽ ወይ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። በሁለተኛው ወር ዝውውር አግኝቶ ሄደ። ሹካውን እንኳ ለማስታወሻ አልተወልኝም፤ ቢተውልኝስ ምን ላደርገው? በኋላ አባቴ ያመጡልኝን የቢቸና ሰው አገባሁ። ደግ ሰው ነበር፤ አፈሩን ያቅልልለት። በእሱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በዚያች መጋረጃ ይዛ በቆመች ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ ከፊቴ ሜይ ፓስታዋን ታሽከረክራለች። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ይናገራል፤ እሷን የጠየቀ የለም።

«ይበልጣል፣ ልጅቱን ጠይቅልኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ በላት።»

«እማዬ፣ አባቷ ፊት እንዲህ አይጠየቅም።»

«ጠይቃት አልኩህ።»

«አልጠይቃትም። ነገሩን ታበላሺዋለሽ። ቀስ ብዬ አሳምናቸዋለሁ።»

ያ ሁሉ ሺህ ተማሪ ያስተማርኩበት እንግሊዝኛ ምን ሊጠቅመኝ ነው ብዬ ጠረጴዛውን ተሻግሬ እጇን ያዝኳት። «ሜይ» አልኳት፤ «ዩ... ዋት ዱ ዩ ሴይ?»

ቀና አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ አባቷን አየች። ሹካዋን አስቀምጣ መናገር ጀመረች። ጮክ አላለችም። ምን እንዳለች አንዲት ቃል አልገባኝም፤ ግን ከሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገር ሰው ድምፅ በየትኛውም ቋንቋ ይታወቃል። ስትጨርስ አባቷ ክራቫታቸውን ፈቱ፣ አጠፉ፣ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ተነሥተው ለእኔ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ልጃቸውን ሳያዩ ወጡ። ሜይ አልተከተለቻቸውም።

«ምን አለች?» አልኩት ልጄን።

«ላስፈቅድህ አልመጣሁም፣ ልነግርህ ነው የመጣሁት አለች።» ከዚያ ጨርቁን ሳህኑ ላይ ጣለው። «ደስ አለሽ አሁን?»

መኪና ውስጥም፣ ቤትም አላናገረኝም። እኔም ሆዴ ባዶ፣ ራሴን ቅዝቃዜ መትቶኝ፣ የምናደድበትን ሰው መምረጥ አቅቶኝ ዋልኩ። ልጄ ላይ ልናደድ እልና እውነቱን ነው እላለሁ፤ አባቷ ላይ ልናደድ እልና የገፉልኝ የዳቦ ቅርጫት ይመጣብኛል። በሳምንቱ ወደ አገሬ ተመለስኩ። በወሩ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደው የጋብቻ ፊርማ ተፈራረሙ፤ ፎቶውን ላኩልኝ፤ የአባቷ ቦታ ባዶ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ለሁለት ዓመት ልጃቸውን አላናገሯትም። ይበልጣል በደወለ ቁጥር ነገሩን ሳያነሳው አይቀርም፤ «ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ እሺ ይሉ ነበር» ይለኛል። ይሉ ይሆናል። ላይሉም ይችላሉ። አባቴን እኮ የታገሠ ሰው ነበር፤ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ።

ከሞጣ በተመለስኩ ማግስት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለልጄ ሳይሆን ለሜይ ደወልኩላት። አማርኛዋ ዛሬ ጥሩ ሆኗል፤ ቀስ ካልኩላት ሁሉም ይገባታል። ስለ ሰሎሞን ነገርኳት። ለማንም ያልነገርኩትን፣ መጋረጃውንም፣ «ትናገር» መባሌንም፣ ዝም ማለቴንም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ሰሎሞን አሁን የት ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«አባትሽስ?»

«አሥር ዓመት ታመው ነው የሞቱት። ያጠብኳቸውም ያጎረስኳቸውም እኔ ነኝ። እጄን ይዘው ነው የሄዱት።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ዛሬ የአባቴ ልደት ነው» አለች በመጨረሻ። «ጠዋት ደወልኩ። አላነሳም።»

ባትጠይቂኝ ኖሮ ብላ የምትወቅሰኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

«ነገም ደውዪላቸው» አልኳት።

«ነገ ካላነሳስ?»

ያነሳሉ ብዬ ልዋሻት ቃጣኝ። መምህር ለተማሪው የሚለውን ዓይነት አንድ ጥሩ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። ዝም ብዬ አባቴን አገኘሁ፤ እሷ ተናግራ አባቷን አጣች።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት።

«እሺ እማማ» አለች። «እደውላለሁ።»